እማዬ ማታ በልታ ተኝታ ጠዋት ስኳሯ 300 የሚገባው ከየት መጥቶ ነው?

የመንዟ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

እናቴ መንዝ ነው የምትኖረው፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ። 60 ዓመት ገደማ ይሆናታል፤ ትክክለኛውን እሷም አታውቀው። ስኳር እንዳለባት ካወቅን 6 ዓመታችን ነው። በሜትፎርሚን ብዙ ቆየች። ከዚያ ሌላ ኪኒን ተጨመረላት። ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ግን ሁለቱም አልበቃ አላት። ቀበቶዋ ሁለት ዙር እስኪዞራት ከሳች። ሌሊት ለሽንት አራት አምስት ጊዜ ትነሳለች። እኔ ደብረ ብርሃን ስለምሠራ ወደዚህ አመጣኋት። ሲለካ 412። ሐኪሙ ወዲያው ኢንሱሊን አስጀመራት፤ ነጩን፣ ኤንፒኤች የሚሉትን። ጠዋት 16 ዩኒት፣ ማታ 8።

እማዬ መርፌውን ስታይ አለቀሰች። የሰፈራችን አንድ ሰውዬ ኢንሱሊን በጀመረ በዓመቱ እግሩ ተቆርጧል። «እንግዲህ ተራው የኔ ደረሰ» አለች። እንደምንም አግባብቼ መለኪያ ገዝቼላት ላክኋት። የሚወጋት ታናሽ ወንድሜ ነው። አሥረኛ ክፍል ነው፣ ቁም ነገረኛ ልጅ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ደስ ይል ነበር። ጠዋት 150፣ 160 እያለ ይደውልልኛል። ከህዳር አጋማሽ ወዲህ ግን ነገሩ ተበላሸ። ማታ 230፣ ጠዋት 300። ትናንት ጠዋት 318።

ግራ የገባኝ ይሄ ነው። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ግማሽ እንጀራ በሽሮ ትበላለች። ከዚያ ወዲያ ውሃ ብቻ። ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ አፏ ምንም ሳይቀምስ ስኳሩ ከየት መጥቶ ይጨምራል? ወንድሜን «ደብቃ የምትበላው ነገር አለ እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁት። ሰማችኝ መሰለኝ ስልኩን ተቀብላ «ስኳር ከቤቴ ከገባ ስንት ዘመኑ! ቡናዬን በጨው የምጠጣ ሰው!» ብላ ጮኸችብኝ። ሦስት ቀን አኮረፈችኝ።

አሁን «ያባሰብኝ መርፌው ነው፣ እተወዋለሁ» እያለች ነው። ምን ብዬ ላስረዳት? ለራሴም አልገባኝም። ኢንሱሊን ራሱ ምንድነው?

የአንኮበር ልጅ፦

እህቴ አይዞሽ። አብሽ ማታ ነክራችሁ ጠዋት በባዶ ሆዷ ትጠጣ። አክስቴ በሱ ነው የተሻላት፤ ኪኒኗን ጥላ አሁን እንደ ልጅ ነው የምትሮጠው። ኢንሱሊን አንዴ ከለመድሽው መውጫ የለውም፣ ባትጀምረው ጥሩ ነበር።

ሲስተር ነኝ፦

የመንዟ፣ እኔ ነርስ ነኝ፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ የስኳር ታካሚዎች ክትትል ላይ ዓመታት ሠርቻለሁ። እዚህ ሆኜ እናትሽን ማከም አልችልም። የማውቀውን ግን ልንገርሽ።

መጀመሪያ እናትሽን ይቅርታ ጠይቂ። እውነቷን ነው። ያን ስኳር ማንም አላበላትም፣ ያወጣው የገዛ ጉበቷ ነው።

አንድ ድግስ አስቢ። እንጀራው በየመሶቡ ተቆልሏል፣ ወጡ ይንተከተካል፣ ዳሱ በሰው ሞልቷል። አሳላፊ ግን የለም። እድምተኛው ምግቡን እያየ ጦሙን ተቀምጧል። ስኳር በሽታ ማለት ይሄ ነው። እንጀራውም፣ ቆሎውም፣ በሶውም፣ ድንቹም ሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ግሉኮስ የሚባል ስኳር ይሆንና ደም ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ቡናዋን በጨው ብትጠጣም ገብሱ ራሱ ስኳር ይሆናል። ከደም ወደ ጡንቻ እንዲያልፍ የሚያደርገው ኢንሱሊን ነው፤ አሳላፊው እሱ ነው። የሚያመርተው ቆሽት ነው፣ ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመው። አሳላፊ ሲጠፋ ደሙ ስኳር ሞልቶት ሰውነት ይራባል። የከሳችው ለዚህ ነው። የተትረፈረፈውን ኩላሊት በሽንት ያወጣዋል። ስኳር ሲወጣ ደግሞ ውሃ አስከትሎ ነው። ሌሊት የሚያስነሳትም፣ የሚያስጠማትም እሱ ነው።

በእናትሽ ዓይነት፣ ሁለተኛው ዓይነት በምንለው፣ አሳላፊው ከመጀመሪያው አልጠፋም። እድምተኛው ነው ጆሮ ዳባ ልበስ ያለው። ኢንሱሊኑ ይጠራል፣ ጡንቻውና ጉበቱ እንደ ድሮው አይሰሙም። ቆሽት ያንን ለማካካስ ብዙ እያመረተ ዓመታት ይለፋል፤ በኋላ ይደክማል። ኪኒኑ አልበቃ ያላት ያኔ ነው።

አሁን ወደ ሌሊቱ ልምጣ። ጉበትን እንደ ጎተራ ቁጠሪው። ቀን የተረፈውን ስኳር ያከማቻል። ሌሊት ስንተኛ አንጎል እንዳይራብ እየሰፈረ ያወጣል። «ይበቃል፣ ዝጋ» የሚለው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን ካነሰ ጎተራው እንደተከፈተ ያድራል። በዚያ ላይ ሊነጋጋ ሲል ሰውነትን ለመቀስቀስ የሚነሱ ሌሎች ሆርሞኖች አሉ፤ እነሱ ደግሞ ጉበቱን «ጨምር» ይሉታል። ጤነኛ ሰው ላይም ይሄ ይሆናል፣ ግን ቆሽቱ ወዲያው ያረግበዋል። የእናትሽ አልቻለም። የማታውን መርፌ ስንት ሰዓት ነው የምትወጋው? ኤንፒኤች ኃይሉ የሚበረታው ከተወጋ ከአራት ሰዓት ገደማ በኋላ ጀምሮ ነው፤ ከዚያ እየላላ ይሄዳል። ማታ 12 ሰዓት ከተወጋች ንጋት ላይ ሳስቷል። ወደ መኝታ ሰዓት ይዛወርላት እንደሆነ ሐኪሟን ጠይቂ።

የሰፈራችሁን ሰውዬ በተመለከተ፣ ይሄን ወሬ በሳምንት አንዴ እሰማዋለሁ፣ ቆሽቴን ያሳርረዋል። እግር የሚያስቆርጠው ዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ነው። ነርቩን ያደነዝዛል፣ የደም ሥሩን ያጠባል። ሰው መርፌ ፈርቶ ፈርቶ በመጨረሻ ሲመጣ እግሩ ቀድሞ ተጎድቷል። ስሙ ግን በመርፌው ላይ ይቀራል። በነገራችን ላይ እናትሽ ማታ ማታ እግሯን እሳት ትሞቃለች አይደል? እንደ መንዝ ባለ ብርድ የማይሞቅ የለም። የደነዘዘ እግር እየተጠበሰ አይሰማም። ካልሲ ታድርግ፣ ከምድጃው ትራቅ። ማታ ማታ ወንድምሽ ውስጥ እግሯን በባትሪ ይይላት።

የአንኮበር ልጅ፣ አብሽ አልጠላም። ስኳርን ትንሽ ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። የደከመ ቆሽትን ቦታ ግን አይተካም። «ከለመድሽው» ላልከው፣ ሁላችንም ከተወለድን ጀምሮ ኢንሱሊን ላይ ነን። አንተም ጭምር።

የመንዟ፣ አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ሁለት ሳምንት ሠርቶ ነው ያቆመው። የሚያንስ መጠን ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያውም አይሠራም ነበር። ብልቃጡ የት ነው የሚቀመጠው?

ሮቢቴው፦

ሲስተር ከጠየቀችው ጥያቄ ልነሳ። እኔ ሸዋ ሮቢት ነኝ። የአንደኛው ዓይነት ታማሚ ነኝ፣ ከ14 ዓመቴ ጀምሮ እወጋለሁ። አሁን 31 ነኝ። ሰው «ቆሽቴ አረረ» ሲል እስቃለሁ፤ የኔ የምር ነው ያረረው። የራሴ በሽታ ተከላካይ እንደ ጠላት ቆጥሮት ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሴሎች ፈጃቸው። በኔ ቤት አሳላፊ የሚባል የለም፣ ዜሮ።

እኛ ጋ ጠላቱ ሙቀት ነው። ፍሪጅ የለኝም። ሸክላ ማሰሮ በእርጥብ አሸዋ ሞልቼ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልዬ መሐሉ አስቀምጠዋለሁ፤ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣዋለሁ። አንድ ሚያዝያ ላይ መስኮት ዳር ረስቼው ውዬ፣ ለሳምንት ስኳሬ አልወርድ ብሎ አሳብዶኝ ነበር። ስለዚህ ጥያቄዋ ተራ እንዳይመስልሽ።

መተው ለሚለው ደግሞ እኔን እይ። ሲጀምረኝ ቤተሰቦቼ መጋኛ ነው ብለው መድኃኒተኛ ጋ ወሰዱኝ። ውሃ በጆግ እየጠጣሁ ምላሴ ይደርቃል። በአራተኛው ቀን ማስታወክ ጀመርኩ፤ እንደሮጠ ሰው በጥልቀት እተነፍሳለሁ፤ እናቴ «አፉ የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል» አለች። ሰውነት ስኳሩን መጠቀም ሲያቅተው ስብ ያነዳል፣ ጭሱ ደሙን አሲድ ያደርገዋል። ሐኪም ቤት ስደርስ ራሴን አላውቅም። ኢንሱሊን በደም ሥሬ ገብቶልኝ በማግስቱ ዓይኔን ገለጥሁ። በኋላ ሳነብ ምን አገኘሁ? በፈረንጆች 1922 ጥር ላይ ቶሮንቶ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንሱሊን የተወጋው ሊዮናርድ ቶምሰን የሚባል ልጅ ነው። 14 ዓመቱ ነበር፣ ልክ የኔን ዕድሜ። ከሱ በፊት የዚህ በሽታ ልጆች መድኃኒታቸው ረሃብ ነበር፤ እያስራቡ ትንሽ ቀን መግዛት። እሱ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖሯል።

ጠበል የምትሄድ ከሆነም ትሂድ። እኔም ሸንኮራ ዮሐንስ ሄጃለሁ። ብልቃጤን ይዤ ነው የሄድኩት።

ስኳር መውረዱንም አትርሱ፣ ብዙ ሰው የሚፈራው መውጣቱን ብቻ ነው። አንዴ ተወግቼ ቁርስ ሳልበላ አውቶቡስ ውስጥ ገባሁ፤ የደብረ ሲናን አቀበት ስንወጣ ላብ አሰጠመኝ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ረዳቱ ሒሳብ ሲለኝ መልሴ ተንተባተበ። «ገና በጠዋቱ ጠጥቶ!» ብለው ተንጫጩብኝ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ናቸው ነቅተው ከረሜላ ሦስት አራቱን አፌ ውስጥ የጨመሩት። ልጃቸው ስኳር አለበት። ጣርማ በር ዋሻ ጋ ስንደርስ ነፍሴ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ኪሴ ያለ ስኳር አይወጣም።

የመንዟ፦

ሲስተር፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

ስንወጣ «ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ» ብለውን ነበር። ልጁ ቃሉን አክብሯል። ብልቃጡን በጣሳ አድርጎ ከውጭ በኩል ከጣሪያው ሥር ሰቅሎታል! ጥቅምት ላይ ምንም አልሆነም። ህዳር ውርጭ ጀመረ። ጀሪካን ውስጥ ያለ ውሃ በረዶ ሠርቶ የሚያድርበት አገር ነው የኛ። «ጠዋት ጠዋት ደርቆ አገኘው ነበር» አለኝ፤ «በብብቴ ይዤ አሟሙቼ ነው የምወጋት»። ፎቶ ላከልኝ። ነጩ እንደተበላሸ ወተት ጓጉሏል፣ መስታወቱ ላይ ቅንጣት ቅንጣት ተጣብቋል።

ሌላም አለ። አልወርድ ሲለው ከራሱ ጨምሯል። አሁን ጠዋት 24፣ ማታ 14 ነው የሚወጋት። እሱን አልነገረኝም ነበር፣ እንዳልቆጣው ፈርቶ።

ሲስተር ነኝ፦

ልጁን እንዳትቆጪው። ጥፋቱ የኛ ነው። «ቀዝቃዛ ቦታ» የምንለው ለሮቢትና ለአዋሽ በኩል ሰው የሚሠራ ቃል ነው፤ ለመንዝ ሰው ስንል «ከውርጭ ጠብቁት» ማለት ነበረብን። ኢንሱሊን ፕሮቲን ነው። አንዴ በረዶ ከሠራ ቢቀልጥም ወደ ቦታው አይመለስም፣ እንደ ተቀቀለ እንቁላል ነው። ያን ብልቃጥ ጣሉት።

ዛሬውኑ ሦስት ነገር አድርጊ። አዲስ ብልቃጥ ያዥ። ሐኪሟ ጋ ደውይ። ከሁሉም በላይ ደግሞ መጠኑ! ልጁ 24 ያደረሰው በሞተ መድኃኒት ነው። አዲሱ ሕያው ነው። በ24 ብትወጋ ስኳሯ ቁልቁል ነው የሚወርደው። ሐኪሙ ሌላ እስኪልሽ ድረስ ወደ ታዘዘላት ወደ 16 እና 8 ይመለስ።

ደግሞ አሁን አስተዋልኩት፣ ግማሽ እንጀራ በሽሮ ያልሽው... የገና ጦም ላይ ናት አይደል? እስከ ስንት ሰዓት ነው የምትጦመው?

የመንዟ፦

እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ከህዳር 15 ጀምሮ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውሃም አትቀምስ።

ሲስተር ነኝ፦

በይ እንግዲህ ያ የሞተ ብልቃጥ አንድ ውለታ ውሏል። ጠዋት 16 ዩኒት ሕያው ኤንፒኤች ተወግታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ካልቀመሰች፣ እኩለ ቀን ላይ መድኃኒቱ ሲበረታ እርሻ ውስጥ ትወድቅ ነበር። ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋገሩ፤ የታመመ ሰው ጦም ሥርዓት አለው፣ እነሱ ያውቁታል። የምግቡ ዓይነት የጦም ይሁን፣ ሰዓቱ ግን ይለወጥ። ተወግታ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ትብላ።

ልጁ ይሄን ይያዝልኝ፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ ያለ ምክንያት መነጫነጭ፣ ወይ ንግግሯ ከተሳሰረ ይለካት። ከ70 በታች ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ያጠጣት። 15 ደቂቃ ጠብቆ ደግሞ ይለካ፤ ካልወጣ ይድገም። ከተስተካከለች እንጀራ ትብላ። መለኪያው አጠገቡ ከሌለ ስኳሩን አስቀድሞ ይስጣት። ራሷን ከሳተች ግን አፏ ውስጥ ምንም እንዳይጨምር፣ ሩጫ ወደ ጤና ጣቢያ። ለእንግዳ የቀረበ አረቄም ቢሆን እንዳትቀምስ፤ አልኮል የጉበቱን ጎተራ ይቆልፈዋል፣ ሲወርድባት የሚደርስላት አይኖርም።

አቀማመጡ፦ የተከፈተው ብልቃጥ እናንተ ጋ ቤት ውስጥ ከእሳትና ከፀሐይ ርቆ ለአራት ሳምንት ይቆያል። ያልተከፈተውን ፍሪጅ ካለ በሩ ላይ፤ በረዶ ቤቱ አጠገብ በፍጹም። ከመውጋቱ በፊት በሁለት መዳፉ መሐል እያንከባለለ እኩል ነጭ ያድርገው፣ አይናጠው። ቅንጣት ካየ አይወጋ።

ሮቢቴው፦

በብብቱ አሟሙቆ! ይሄ ልጅ ወርቅ ነው። የሚወጋበትንም ቦታ ይቀያይርላት። እኔ አንድ ቦታ ላይ ደጋግሜ ሆዴ ላይ እብጠት አውጥቻለሁ፤ እብጠቱ ውስጥ የተወጋ መድኃኒት በደንብ አይሠራም።

የመንዟ፦

ይቅርታ ቆየሁ፣ አገር ቤት ነበርኩ። ኔትወርክ ያለው ኮረብታው ላይ ብቻ ነው።

አዲሱን ብልቃጥ ጃኬቴ ውስጥ ይዤ ሄድኩ። ረዳቱ ቦርሳዬን ጣሪያ ላይ ሊጭን ሲል አልሰጥም ብዬ ተጣላን። ሐኪሙ ጠዋቱን 16 እንዲሆን፣ የማታውን ወደ ሦስት ሰዓት እንድናዛውረው ነገረኝ። የመጀመሪያው ጠዋት 264። በሦስተኛው ቀን 201። ዛሬ ጠዋት 152።

የጎተራውን ነገር ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ ጉበቴ ነው ሌባው!» አለች። ከዚያ «ሌሊት ስንት ሰዓት ነው የሚያወጣው?» ብላ ጠየቀችኝ፣ ነቅታ ልትጠብቀው ይመስል። ማኩረፏን ግን ቡና አፍልቼ ይቅርታ እስክጠይቃት ድረስ አልተወችም።

የንስሐ አባቷ ቤት ድረስ መጡ። «መድኃኒት ያለበት ሰው ዘጠኝ ሰዓት የለበትም» ብለው አዘዟት። መጀመሪያ ቀን ጠዋት ስትበላ ጎረቤት እንዳያያት በሩን ዘግታ ነበር። ብልቃጡ አሁን ከአልጋዋ ሥር ካለው ሳጥኗ ውስጥ ነው፣ በሰንበት ነጠላዋ ተጠቅልሎ። ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው፣ ልጁ ሊወጋት ሲል ራሷ ከፍታ ታወጣለታለች።

የተበላሸውን ብልቃጥ ልጥለው ስል ወንድሜ ከለከለኝ። ባዮሎጂ መምህሩን ሊያሳይ ትምህርት ቤት ይዞት ሄዷል።